ክትባት የራስ ጕዳይ ብቻ ነውን?



ከጋሞ ደጋ ወርዶ የአርባ ምንጭን ከተማ የሚያቋርጠው የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከላይ ያለ ሰው በውኃው ውስጥ የጣለው ነገር ከታች ላለው ሰው ይደርሰዋል። የላይኛው ሰው «ውኃው በደጄ ሲያልፍ የእኔ ነውና የወደድሁትን አደርግበታለሁ» ቢል ነገሩ ለጊዜው እውነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ውኃው በእርሱ ደጅ አይቆምምና ፍርዱ ጐደሎ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህን የመሰለ ነው። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሰው ስለ ገዛ ሥጋው የሚቈርጠው አሳብ የእርሱ ብቻ ነውን? መንግሥትስ «ተራራቁ፥ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፥ ተከተቡ» ባለ ጊዜ ክርስቲያን የሆነ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

አስቀድመን የሆነውን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ ተሽከርካሪ ከወንበሩ እኩሌታ በላይ እንዳይጭን፥ የቤት ባለቤት ተከራዩን እንዳያስወጣ፥ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ታዘዘ። ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው ሆነው እንዲያከብሩ ተመከሩ። በነሐሴ ወር ሊደረግ ታስቦ የነበረው ምርጫም ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. የካቲት 28 ቀን 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ፥ መጋቢት 4 ቀን፥ በሐኪሞችና በአስታማሚዎች ተጀምሮ መሰጠት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታው አስቸኳይ ጊዜ አበቃ ብሎ የተናገረው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ በአገራችን በይፋ የተቈጠሩት ሙታን ብቻ ከ7,500 አለፉ።

ስለዚህ ነገር ሕዝቡ በአንድ ቃል አልተናገረም። የዕለቱን ሠርቶ የዕለቱን የሚበላ ሰው፥ ሸማኔው፥ ሙዝና ማንጎ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት፥ «በሽታው ሳይደርስብን ረኃቡ ይቀድመናል» አሉ። አንዳንዱ ምርጫው የዘገየው ነፍስ ለማዳን ነው አለ፤ ሌላው ሥልጣን ለማስረዘም ነው አለ። አንዳንዱ «እምነት ያለው ሰው መርፌ አይሻም» አለ። ሌላው ክትባቱ በዮሐንስ ራእይ የተነገረው የአውሬው ምልክት ነው ብሎ አወራ። «ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ዘራችንን ለማምከን ነው» ያለም አልታጣም። የተከተበውም ሰው ያልተከተበውን ወንድሙን እንደ መሃይም እየቈጠረ የሳቀበት ጊዜ አለ።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፥ ወዳጄ ሆይ፥ በዚሁ በእኛ አገር የሆነውንና ብዙ ሰው የረሳውን አንድ ነገር ስማ። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፥ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፥ ቢጫ ወባ የሚባል በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ሊቃውንት እንደ ገመቱት 100,000 ያህል ሰው ታመመ፤ ከእነዚህም 30,000 ያህሉ ሞተ። ለዚህ በሽታ የሚሆን ክትባት ከ1937 ጀምሮ ታውቆ ነበርና በሽታው በጸናባቸው አውራጃዎች ሕዝቡ ተከተበ። የአርባ ምንጭ አካባቢ ግን በዚያ ዘመቻ ውስጥ አልገባም ነበር። በ1966 ዓመት በሽታው ወደዚህ መጣ፤ 2,200 ያህል ሰው ታመመ፤ 450 ያህልም ሞተ።

ይህ ነገር ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። አንደኛው፥ እነዚያ 450 ነፍሳት የሞቱት ክትባቱን እምቢ ብለው አይደለም፤ ክትባቱ ስላልደረሰላቸው ነው። ስለዚህ ስለ ክትባት ሲነገር የመጀመሪያው ዕዳ ያለው በገዢው ላይ ነው፤ ያላመጣውን አልወሰዳችሁም ብሎ ሕዝቡን ሊወቅስ አይችልምና። ሁለተኛው፥ እነርሱ ያላገኙትን እኛ በደጃችን ካገኘነው፥ ልንቀበለው ብንወድ ወይም ባንወድ፥ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚነገር አይደለም። ከእነርሱ መካከል ክትባቱ ቢመጣለት ሌሊት ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ወይም ወደ ቈላ የሚወርድ አባት አልነበረምን?

እንግዲህ ወደ ክርክሮቹ እንመለስ።

«እምነት ያለው ሰው መርፌ አይሻም» የሚል ሰው፥ ዲያብሎስ ጌታችንን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «መላእክት ይይዙሃልና ራስህን ወርውር» ባለው ጊዜ ጌታ ምን እንደ መለሰለት ያስብ። መሰላል ሳለ መዝለል እግዚአብሔርን መፈታተን ነው እንጂ እምነት አይደለም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በቍስሉ ላይ በለስ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱና በለሱ አልተጣሉም። ከወንጌል ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ ወንጌላዊ ስለ ሆነ ሐኪምነቱን ካደ የሚል ቃል በየትም አናገኝም። ደግሞም በሙሴ ሕግ በቆዳው ላይ ሕመም የታየበት ሰው በካህኑ ፊት ይመረመር፥ ሰባት ቀንም ለብቻው ይቀመጥ ነበር። እንግዲህ ለሌላው ደኅንነት ተለይቶ መቀመጥ ትናንት በአዋጅ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ አውሬው ምልክት የሚፈራውንም ሰው በትዕግሥት እንመልስለት፤ ፍርሃቱ ጌታውን ላለመካድ ካለው ፍቅር የመጣ ነውና ልንስቅበት አይገባም። ነገር ግን በራእይ የተነገረው ምልክት ለአውሬው ከመስገድ ጋር የተያያዘ ነው። ክሕደት በልብ ታስቦ በፈቃድ የሚደረግ ነው። ሕፃን ልጁን ከሞት ለማዳን ወይም የሸመገለች እናቱን ለመጠበቅ ክንዱን ለአስታማሚ የሰጠ ሰው ሳያውቀው ጌታውን ካደ ማለት፥ እግዚአብሔር ልብን ሳያይ በመርፌ ይፈርዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አምላክ ቅዱሳት መጻሕፍት አላስተማሩንም።

«የባሕር ማዶ ነገር ነው» ለሚለው ደግሞ የሶርያ ሠራዊት አለቃ የንዕማን ታሪክ ይበቃዋል። በዮርዳኖስ ታጥበህ ትነጻለህ በተባለ ጊዜ፥ የአገሩን ወንዞች አስቦ ተቈጣ፤ የሰው አገር ውኃ ስለ ምን ይበልጣል አለ። ከአገልጋዮቹ የተነሣ ግን ቍጣውን ትቶ ወረደና ነጻ። እኛም ኩልፎን ብንወድ፥ መድኃኒትን በተገኘበት ወንዝ አንንቀውም። ይህም ብቻ አይደለም፤ የመከተብ አሳብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በአገራችን ፈንጣጣ በተነሣ ጊዜ፥ በሽታው ከያዘው ሰው ቍስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ላይ በተበጣ ስፍራ ማድረግ ከጥንት የታወቀ ልማድ ነበር። አደገኛ ልማድ ነበር፤ አንዳንዱ በእርሱ ይሞት ነበርና፤ ነገር ግን ጥቂት በሽታ ታላቁን በሽታ እንዲከለክል አባቶች በዓይናቸው አይተው ነበር። በእንግሊዝ አገር ጄነር የሚባል ሐኪም በ1796 የላም ፈንጣጣን በመጠቀም ይህንኑ አሳብ ደኅና መንገድ አገኘለት። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ሥራ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከታቾች በእግርና በበቅሎ ከደጋ ወደ ቈላ ዞሩ፤ በአንዳንድ ስፍራም ሕዝቡ ተጠራጥሮ አባረራቸው። ዳሩ ግን በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም። በ1972 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ በልጆቻችን ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የማናይበት ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። «ሥጋዬ የእኔ ነው» የሚለው ቃል በራሱ ሐሰት አይደለም። ሰው የሌላ ሰው ዕቃ አይደለምና፥ ያለ ፈቃዱ በሥጋው ላይ ሊሠራበት አይገባም። ነገር ግን የሙሴ ሕግ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው አንድ ትእዛዝ ሰጥቶት ነበር፤ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ፥ ከዚያ ወድቆ የሚሞት ሰው እንዳይኖር። ቤቱ የእርሱ ነው፤ ሰገነቱም የእርሱ ነው፤ ግን እንግዳ ይወጣበታል፤ የጐረቤት ልጅ ይጫወትበታል። ሕጉ ቤቱን አልቀማውም፤ በቤቱ ላይ የሚወጣውን ሰው አስታወሰው እንጂ። ክርስቲያን ስለ ሥጋው ሲያስብ እንዲሁ ሊያስብ ይገባዋል። ጥያቄው «ሥጋው የማን ነው?» ብቻ አይደለም፤ «እኔ ስወድቅ ከእኔ ጋር የሚወድቅ ማን ነው?» ደግሞ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፍን መናገር አለብን። የኮሮና ክትባት በሽታውን ፈጽሞ አልከለከለም፤ የተከተበ ሰው ሊታመምና ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። ታላቁ ጥቅሙ ጽኑ ሕመምንና ሞትን መቀነሱ ነበር። «እንግዲያስ ጥቅሙም ጕዳቱም የራሴ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ ክርክሩ ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል። ሆኖም መልስ አለው። በሐኪም ቤት ያለው አልጋ የተቈጠረ ነው፤ ኦክስጅኑም የተቈጠረ ነው። ሊቀር ይችል በነበረ ሕመም አልጋውን የያዘ ሰው፥ በወሊድ የምትጨነቀውን ሴትና በወባ የሚቃጠለውን ሕፃን ከዚያ አልጋ ያርቃል። ቢሞትም ሞቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ልጆቹን የሚያሳድግለት ጐረቤቱ ነው።

በሌሎች ክትባቶች ደግሞ ነገሩ ከዚህ የተገለጠ ነው። የኵፍኝን ክትባት ተመልከት። በአገራችን ሕፃን የመጀመሪያውን የኵፍኝ ክትባት የሚያገኘው ዘጠኝ ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑን ከበሽታው የሚጋርደው በዙሪያው ያሉት ልጆች መከተባቸው ነው። የዶርዜ ሸማኔ ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ሸማውን የሚይዘው እያንዳንዱ ድር ከአጠገቡ ካለው ጋር መቆሙ ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ይቀጠላል፤ ብዙው ቢበጠስ ግን ሸማው ሸማ አይባልም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፥ አንባቢ ሆይ፥ መንግሥት ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለታችን አይምሰልህ። ለሹማምንት መታዘዝ ይገባል፤ ነገር ግን መታዘዝ አፍን መዝጋት አይደለም። ነቢያት ለነገሥታት ይታዘዙ ነበር፤ ነገሥታትንም ይገሥጹ ነበር። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሕዝብ ከገዢው ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ እውነት። በ2021 በአውሮፓ ያሉ የመድኃኒት ተቈጣጣሪዎች፥ ወደ እኛም አገር አስቀድሞ የገባው ዓይነት የኮሮና ክትባት እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት እንደሚያመጣ ገልጠው ተናገሩ፤ ጥቅሙ ግን ከጕዳቱ እንደሚበልጥ አስረዱ። እንዲህ ያለው ነገር ለሕዝብ ሲነገር አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ቢደበቅ ግን የኋላ ኋላ ሁሉም ይደነግጣል፤ ከዚያም በኋላ እውነተኛውን ምክር የሚሰማ አይገኝም። መተማመን እንደ እህል ነው፤ በጥጋብ ዘመን ያልተከማቸ በክፉ ቀን አይገኝም።

2ኛ፤ እንጀራ። ለድኻ «ከቤትህ አትውጣ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ በቤቱ ምን እንደሚበላ መጠየቅ ግን የፍትሕ ሥራ ነው። «ረኃቡ ይቀድመናል» ያሉት ሰዎች ዐመፀኞች አልነበሩም፤ ሒሳባቸውን የሚያውቁ ነበሩ። ይህም ጥያቄ ለእኛ ገዢዎች ብቻ አይደለም። በዚያው ዘመን ባለጠጎች መንግሥታት ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ ክትባት አስቀድመው ገዝተው ሲይዙ፥ የድኻ አገር ሐኪም ተራውን ይጠብቅ ነበር። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ የተማሩ አገሮች ይህን ማድረጋቸው የሚያሳፍር ነው።

3ኛ፤ ምሳሌነት። ለሕዝብ የታዘዘውን ሹም በራሱ ካልፈጸመው አዋጁ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሰው ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ያምናልና።

እነዚህ ሦስቱ ቢጐድሉ ሕዝቡ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መጠራጠር ኃጢአት አይደለም፤ ቶማስ ተጠራጥሮ ነበር፤ ጌታ ግን ቍስሉን አሳየው እንጂ አላባረረውም። ኃጢአት የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ያላወቁትን እንዳወቁ አድርጎ ማውራት ነው። «ሰምቻለሁ» የሚለው ቃል በአፍ ሲወጣ «አይቻለሁ» ይሆናል፤ ማታ በቡና ላይ የተወራው ጧት በገበያ የታመነ ወሬ ሆኖ ይገኛል። አንዲት እናት በእንዲህ ያለ ወሬ ፈርታ ልጇን ሳታስከትብ ብትቀርና ልጁ ቢሞት፥ ወሬውን ያወራው ሰው ስሙ በፍርድ ቤት አይጠራም፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ይታወቃል። በሐሰት አለመመስከር የታዘዘው በዳኛ ፊት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አንተ ተማሪ፥ አንተም ማንበብ የምትችል የከተማ ሰው፥ ከሌላው ይልቅ ዕዳ አለብህ። ያልተማረው ጐረቤትህ ስለ ክትባት የሚጠይቀው አንተን ነው። የማታውቀውን «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» በል፤ ይህ ውርደት አይደለም። ሕመም ያለብህ ወይም ቀድሞ በመርፌ የተጐዳህ እንደ ሆነ ሐኪምህን በግልጥ ጠይቅ፤ ክትባት የማይስማማቸው ሰዎች አሉና፥ ለእነርሱ የሌሎቹ መከተብ ጋሻ ነው። ከጠየቅህና ከተረዳህ በኋላ ግን አሳብህን ቍረጥ፤ ዘወትር መጠየቅ ፈጽሞ አለመወሰን እንዳይሆንብህ ተጠንቀቅ።

ከአንተ ልዩ አሳብ ያለውን ሰው ደግሞ በስድብ አትርዳው፤ በስድብ የተረዳ ሰው የለምና። በዚህ ነገር የጋሞ ሰው ከሌላ አገር ምሳሌ መዋስ አያስፈልገውም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ዱላ አላነሡም፤ አዋጅም አላነበቡም። የወጣቶቹ ኀዘን እውነተኛ እንደ ነበር ያውቁ ነበርና አልነቀፉትም፤ ነገር ግን ያልበደለ ሰው በኀዘናቸው ምክንያት እንዳይጐዳ ለመኑአቸው። ፈሪውንና ተጠራጣሪውን ስለ ክትባት ስናነጋግር እንዲህ ልናደርግ ይገባናል። ፍርሃቱን አንናቅበት፤ ዳሩ ግን የፍርሃቱ ዋጋ በሌላው ሕፃን ላይ እንዳይወድቅ እንለምነው። በኀይል የተከተበ ክንድ ይገኝ ይሆናል፤ በኀይል የተገኘ ልብ ግን የለም፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣም የሚያስፈልገው ልብ ነው።

የሚቀጥለውም ሩቅ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 5 ቀን ማርበርግ የተባለ ጽኑ በሽታ በጂንካ መገኘቱ ተረጋገጠ፤ ጂንካም ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል የሚደረስባት ከተማ ናት። ለዚያ በሽታ በዚያ ጊዜ የተፈቀደ ክትባት አልነበረም። ክትባት በሌለበት ጊዜ ያለው መከታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተነካውን ሰው ፈልጎ መለየት፥ የታመመውን በጥንቃቄ ማስታመም፥ የሞተውንም በጥንቃቄ መቅበር ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሕዝቡ ለሐኪሙ እውነቱን ሲነግረው፥ ሐኪሙና ሹሙም ለሕዝቡ እውነቱን ሲነግሩት ነው። አንዱ ወገን ቢዋሽ በሽታው በመካከላቸው ያልፋል።

እንግዲህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ክትባት የራስ ጕዳይ ብቻ ነውን ተብለህ ብትጠየቅ እንዲህ ብለህ መልስ፤ ክንዱ የእኔ ነው፥ ፈቃዱም የእኔ ነው፤ ዕዳው ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዕዳ ገዢህን በድፍረት ጠይቀው፤ ራስህንም ከእርሱ ባላነሰ ጠይቅ። በቤትህ ክትባቱ ያልተፈጸመለት ሕፃን እንዳለ ነገ ሳትል ካርዱን አውጥተህ ተመልከት፤ የተናገርኸውም ያልተረጋገጠ ወሬ ካለ ወደ ሰማህ ሰው ሄደህ አቅናው። የምሕረት አባት እግዚአብሔር ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን የምናይበትን ዓይን ይስጠን።